የአሥራ ሁለታችን ክለብ

ከአበልጄ ጋር ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ አልተለዋወጥንም። የልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው። የተጣላነው በመሬት አይደለም፣ በበግም አይደለም፤ በእግር ኳስ ክለብ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ። በአገራችን በመንዝ ሰው በአንድ ክንድ ድንበር ዕድሜውን ሙሉ ሲካሰስ ማንም አይስቅም፤ እኔ በአንድ ሙሉ ክለብ ባኮርፍ ምኑ ያስቃል?

የንስሐ አባቴ በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ያስጠሩኛል። «ታረቅ እንጂ ልጄ» ይሉኛል። «አበልጅነት በጥምቀት የታሰረ ዝምድና ነው። በሆድህ ቂም ይዘህ ወደ ሥጋ ወደሙ አትቀርብም።» የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «አባቴ፣ ክለባችንን አሳልፎ የሰጠው እሱ መሆኑን በአንደበቱ ይመን፤ የዚያኑ ዕለት ታርቄው አድራለሁ» እላቸው ነበር። ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። «እኔ ነኝ» ይበል፣ በቃ። እሱም አላለ፣ እኔም አልቆረብኩ።

ክለቡ የተወለደው ሞላሌ ነው። የተወለደውም በቢሮ ሳይሆን በሚካኤል ማኅበር ላይ ነው። በየወሩ ከቤት ቤት እየተዘዋወርን ጽዋ የምንጠጣ አሥራ ሁለት ጎረምሶች ነበርን። ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ወሬያችን ኳስ ነው። የፈረንጅ ክለብ ደግፈን እስከ መሰዳደብ እንደርስ ነበር፤ ያውም ቅዱስ ሚካኤል ሥዕሉ ላይ ሆኖ እያየን። አንድ ወር ላይ አበልጄ፣ ያኔ ገና ጓደኛዬ ነው፣ ዳቦውን እያኘከ «በማያውቀን ክለብ ስንጣላ ጠላው አለቀ። ለምን የራሳችንን አናቋቁምም?» አለ። ሳቅን። በሚቀጥለው ወር ግን ኳስ ይዞ መጣ።

ሜዳችን ከከተማው ዳር ነበር። ከአንደኛው ጎል ጀርባ ትንሽ ራመድ ብሎ ገደል ነው፤ ኳስ ወደዚያ ከሄደ ሄደ። ስለዚህ በጨዋታ ቀን ከማኅበርተኛው አንዱ ከአፋፉ ላይ ይቆማል። አንዳንድ ቀን ከበረኛው ይልቅ እሱ ይደክም ነበር። መረብ የምናገኝበት ስላልነበረ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ይሠሩ የነበሩት አባቴ ከበግ ጠጉር በተፈተለ ክር መረብ ሠሩልን። በጋውን ያኮራን ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ዝናብ ይጠጣና መሬት ድረስ ይዘረጠጣል። አንድ ቀን ኳሱ ገብቶ እዚያው ተጠቅልሎ ቀረና ሦስት ሰው ተረዳድቶ እስኪያወጣው ጨዋታው ቆመ። እንግዳ ቡድኖች ሲመጡ በመረባችን ይስቃሉ። ከዕረፍት በኋላ ግን አይስቁም፤ ብርዱና ዳገቱ ትንፋሻቸውን ይቀማቸዋል። ያኔ ነው እኛ ጎል የምናገባው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የማልያዎቹን ቁጥር የሰፋሁት እኔ ነኝ። በረኛ ሆኜ ተጫወትኩ፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ አሰልጣኝ ሆንኩ። ልምምድ ትቶ አረም ሲያርም የዋለውን በሰው ፊት አዋርደው ነበር። ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ለክለቡ ብዬ እንጂ ለራሴማ ተቆጥቼ አላውቅም እላለሁ። ከሩቅ የመጡ ተጫዋቾች የሚበሉትም የሚተኙትም እኛ ቤት ነበር። ባለቤቴ በዚያ ውርጭ ወንዝ ወርዳ ማልያ ታጥባለች፣ ተመልሳ ለአሥር ሰው ወጥ ትሠራለች። ደስ ብሏት ነበር የምትሠራው። እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

የማኅበር አለቃ ሙሴ ይባላል። በእኛ ማኅበር ሙሴነቱ በየዓመቱ በተራ ይዞራል። ጽዋውም፣ ምንጣፉም፣ ሌላውም የማኅበር ዕቃ ሁሉ በዓመቱ ሙሴ እጅ ይቆይና ዓመቱ ሲሞላ ለተረኛው ያልፋል። ማለፉን የሚጽፍ ሰው የለም። ጽዋው ከአንዱ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው ሲሄድ አገር ያየዋል፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር ለማን ያስፈልጋል? ክለቡንም እንዲሁ ያዝነው። የዓመቱ ሙሴ የክለቡ አለቃ ነው። በሌሎች ክለቦች ማን ሊቀ መንበር ይሁን ተብሎ ሰው ሲቧቀስ ስንሰማ እነሱን እንታዘብ ነበር።

ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል አለፍን። በመጨረሻም ደመወዝተኞች ወደሚጫወቱበት አገር አቀፍ ሊግ የገባንበት ዓመት መጣ። በዚያ ዓመት ሙሴነቱ የእኔ ተራ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። «ዘንድሮ እንኳ ተራህን ለሌላ ስጥ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ ለምናኝ እንቢ አልኩ፤ በሦስተኛው ሰጠሁ። የሰጠሁት ለዚያው ጓደኛዬ፣ ለዛሬው አበልጄ ነው። ስሙን ሰጠሁ እንጂ ሥራውን አልተውኩም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። ልጁ ሲወለድ ከቡድኑ ጋር መንገድ ላይ ነበርኩ። በአርባ ቀኑ ግን ተገኝቻለሁ፤ አበልጅ የሆንነውም የዚያን ዕለት ነው።

የሊጉ መመዝገቢያ ቅጽ የመጣልን በዚያው ዓመት ነበር። የክለቡን ባለቤትና ሕጋዊ ወኪል ይጠይቃል። የዓመቱ ሙሴ እሱ ነውና የእሱ ስም ተጻፈ፤ ፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት። ዓመቱ ሲሞላ ጽዋው ወደ ሌላ ቤት ሄደ። ወረቀቱ ግን የትም አልሄደም። ወረቀት እንደ ጽዋ በራሱ እግር እንደማይዞር ከአሥራ ሁለታችን አንዳችን እንኳ አላሰብንም። የአባቶቻችን ማኅበር ያለ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከእኛ ዘመን ደርሷል፤ ክለብም እንዲሁ የሚኖር መስሎን ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው ይኼኔ ነው።

በሊጉ ሁለት ዓመት ተጫወትን። ከዚያ ሜዳችሁ አጥር የለውም፣ መልበሻ ክፍል የለውም፣ ገደሉም ያሰጋል ተባልን። በገዛ ሜዳችን የምናደርገውን ጨዋታ ሰው ከተማ እየሄድን መጫወት ጀመርን። ገብሱ ደርሶ ማሳው ላይ ይወዛወዛል፣ ባለ ገብሱ ከእኛ ጋር አውቶቡስ ውስጥ ነው። ማኅበርተኛው አልፎ አልፎ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ አልሰማኋቸውም። «አጥሩን በድንጋይ እንሠራዋለን፤ መንዝ ውስጥ ከሁሉ ጠፍቶ ድንጋይ ይጠፋል?» እል ነበር።

በዚያ መካከል ማኅበርተኞቼ ተሰብስበው አንድ መልእክት ሰጡኝ። «ዓለም ከተማ ግራ እግሩ እሳት የሆነ ተጫዋች አለ አሉ። አንተ ካላየኸው ማን አይቶ ይፈርድልናል?» አሉኝ። ምስጋና የማይወድ ማን አለ? ተነሳሁ። ዓለም ከተማ ያለችበት መርሐ ቤቴ ከእኛ አፋፍ ላይ ሆነው ሲያዩት የሚነካ ይመስላል፤ በመኪና ግን ዞሮ ሁለት ቀን ይፈጃል። የጀማን ወንዝ ቁልቁለት ወርጄ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ በአቧራ ነጭ ሆኜ ደረስኩ። ተጫዋቹ በእርግጥም ነበረ፤ ግራ እግሩም እንዳሉት ነው። እናቱን «እንደ ወንድሜ እይዘዋለሁ» ብዬ ለምኜ ይዤው ተመለስኩ።

ሞላሌ ስገባ ክለብ አልነበረም። ስሙም፣ በሊጉ ውስጥ ያለው ቦታም፣ እኔ ቁጥር የሰፋሁባቸው ማልያዎችም ለአንድ ትልቅ ከተማ ተላልፈዋል። ያ ጎበዝ እኛ ቤት ሁለት ቀን ሽሮ በልቶ ግራ እግሩን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። እስከ አውቶቡሱ ስሸኘው ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ።

ማን ፈረመ? ብዬ ጠየቅኩ። ማኅበርተኞቼ አንገታቸውን ደፉ። ለነገሩ መጠየቅም አላስፈለገኝም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ አውቃለሁ። በሳምንቱ ደግሞ አበልጄ የአዲሱ ክለብ ትጥቅ ያዥ ሆኖ ሊሄድ ነው ተባለ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ልፈልግ? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። አውቶቡስ መሳፈሪያው ላይ ጠብቄ በሰው ፊት «ይሁዳ» አልኩት። አንዲት ቃል አልመለሰልኝም። ከኋላዬ ልጁን አዝላ ለቆመችው ለባለቤቴ እጅ ነስቶ ገባ። ድፍረቱ ይበልጥ አበገነኝ።

የሄደው ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር። ከዚያ ተመልሶ ዘመሮ፣ በሚስቱ አገር፣ በግ ማርባት ጀመረ። እኔ ግን ዓመት ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ በየወሩ ጽዋ ላይ ረገምኩት። ወሬው ወደ ኳስ ባይሄድ እንኳ እኔ ጎትቼ አመጣው ነበር። ማኅበርተኞቼ «ተወው፣ ለእግዜር ስጠው» ይሉና ጠላ ይሞሉልኛል። ተራው የእኛ ቤት ሲሆን ደግሞ የምትቀዳልኝ ባለቤቴ ናት። እኔ እረግማለሁ፣ እሷ ትቀዳለች።

ባለፈው ዓመት ወደ ትልቁ ከተማ የሄደው ክለብ ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ። አንድ ማኅበርተኛ ከከተማ ሲመለስ አንድ ቅጂ ይዞ መጣና በደስታ ሰጠኝ፤ ምስኪን፣ እሱም አላነበበውም። ልብስ መስፊያዬ ላይ አስደግፌ ገለጥኩት። ሽፋኑ ያብረቀርቃል። የእኛን ዘመን ግማሽ ገጽ ላይ ጨርሶታል። «በአንዲት የገጠር ከተማ የሚኖሩ ጥቂት ኳስ ወዳድ ወጣቶች» ነን። ሜዳው የለም፣ መረቡ የለም፣ ማኅበሩ የለም። ከዚያ ትልቁ ከተማ ይመጣና እውነተኛው ታሪክ ይጀምራል። ከመናደዴ ብዛት ገጹን በሁለት ጣት እየወረወርኩ እስከ መጨረሻው ገለጥኩ።

መጨረሻው ላይ ክለቡ በሕጋዊ መንገድ መተላለፉን ለማሳየት የወረቀቶች ፎቶ አውጥተዋል። ከነዚያ አንዱ ቃለ ጉባኤ ነው። «የክለቡ ነባር አባላት በሙሉ ተገኝተው በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ይላል። ከሥሩ አሥራ ሁለት መስመር አለ። አሥራ አንዱን ፊርማ አንድ በአንድ አወቅኳቸው፤ የነዚህን ሰዎች እጅ ማልያ ሲረከቡ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ከአጠገቡ «ስለ ባለቤቷ» ይልና ሌላ ፊርማ አለ። ያን ፊርማ ጣቷን ይዤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቀኑን አየሁት። እኔ ዓለም ከተማ የሰው እናት ስለምን የዋልኩበት ቀን ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ጎረቤቴ ወደሆነው ማኅበርተኛ ነው፤ እህል ነጋዴ ነው። መጽሐፉን ሚዛኑ ላይ ወረወርኩለት። ከሚዛኑ አንስቶ ገጹን አየና «እንግዲህ ምን እንበልህ?» አለኝ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንተ ባለህበት ማን አፉን ይከፍታል? ሰው ደክሞ ነበር። ገብሱ እየረገፈ፣ በጉ እየሞተ። እንዲህ ብለን ብንነግርህ ትሰማን ነበር? ሜዳ ላይ ታዋርደናለህ እንጂ። ላክንህ።»

«ተጫዋቹስ?»

«እሱ እንኳ እውነት ነበር» አለ፣ ይህ ያጽናናኝ ይመስል።

ይኸው ነው። ሞላሌ ውስጥ የሰው በግ ከከሳ ሳይመሽ ወሬው ይዳረሳል። ይህን ግን አሥር ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ከአንድ ጽዋ እየጠጣ ዋጠው። እኔ በተራገምኩ ቁጥር ምን ይሉ ነበር በሆዳቸው? «ይህ ሞኝ» ይሉ ይሆን? ከንዴቴ ይልቅ ሐፍረቴ በለጠ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ለካ ንቀውኝ ነበር። ወይም ፈርተውኝ ነበር። የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አላውቅም።

ቤቴ አልገባሁም። በማግስቱ ዘመሮ የገበያ ቀን ነበርና በጠዋቱ አውቶቡስ ሄድኩ። አበልጄን ከበግ ተራው አገኘሁት፤ የአንድ ሙክት ወገብ እየዳሰሰ ከገዢ ጋር ይከራከራል። ሸብቷል። ሲያየኝ በጉን ለቀቀው።

«አበልጄ» አልኩት። ከስድስት ዓመት በኋላ የወጣችኝ የመጀመሪያዋ ቃል ናት። መጽሐፉን አሳየሁት። ገጹን አይቶ መልሶ ዘጋው፤ አዲስ ነገር አልሆነበትም።

«ብቻዬን አልፈርምም ብዬ ነበር» አለኝ። «ስሜ ወረቀቱ ላይ ስለቀረ የግሌ ሆነ እንዴ? አሥራ ሁለታችንም ካልፈረምን እጄን አላነሳም አልኳቸው። ያንተ መስመር ባዶ ቀረ። ያኔ ነው እሷ የመጣች።»

«ማን ጠራት?»

«ማን ይጠራታል! ያጠበችውን ማልያ ልታስረክብ መጥታ ነው። ሰማችን። እኔ ልፈርምለት አለች።»

«አንተስ? ይሁዳ ብዬ ስሰድብህ ምን አፍህን ያዘው?»

«ምን ልበል ታዲያ? ሚስትህ ናት የፈረመችብህ ልበል፣ በአውቶቡስ ተራ? የልጅህን ክርስትና ያነሳሁ ሰው ነኝ እኮ። ቤትህን ላፍርስ?» በጉን መልሶ ያዘው። «ስድብ ደግሞ ያልፋል። ገዳይ አይደለም።»

እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ያዘኝና «ተው፣ በግ እየገዛህ ይመስላል» አለ። በዚያ ሁሉ መካከል አሳቀኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ደረስኩ። ባለቤቴ ደጃፍ ላይ፣ ከፀሐዩ ሥር፣ ጠጉር እየፈተለች ነበር። መጽሐፉን ገልጬ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ፊርማዋን አየችው። አልደነገጠችም፤ የድሮ ዘመድ ፎቶግራፍ እንደሚያይ ሰው ሆና ነው ያየችው።

«አስገድደውሽ ነው?» አልኳት። አዎ ብትለኝ ምንኛ በወደድኩ። አሥራ አንዱን ሰው ተጣልቼ እሷን ይዤ እቀመጥ ነበር።

«ማን ያስገድደኛል? ብዕሩን የተቀበልኩት እኔው ነኝ።»

«ለምን?»

እንዝርቷን አስቀመጠች። «አንተን ወደ ቤትህ ልመልስ ብዬ ነዋ» አለችኝ። «ነፍሰ ጡር ሆኜ ለመንኩህ። ወልጄም ለመንኩህ። ልጁ አባቱን የሚያውቀው ከሩቅ ሲጮህ ነበር። ክለቡ ከሄደ እሱ ይመጣልኛል አልኩ። ክለቡ ሄደ፤ አንተ ግን አልመጣህም። ከዚያ ሰውዬ ጥላቻ ጋር ገብተህ ተቀመጥክ።»

«ሁሉን እያወቅሽ? ስድስት ዓመት እሱን ስረግም አጠገቤ ተቀምጠሽ?»

«ስንት ጊዜ ልነግርህ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ብነግርህ እሱን ትተህ እኔን መጥላት እንደምትጀምር አውቃለሁ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ጀመርክ?»

አልጠላኋትም፤ ግን እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የሰው ሁሉ ክህደት ተደምሮ የእሷን አያህልም ነበር። ከዚህ ደግሞ የከፋው ነገር በአንዲት ቃል እንኳ ልከራከራት አለመቻሌ ነው። የልጄ የመጀመሪያ ጥርስ መቼ እንደወጣ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ያን ጊዜ ከየትኛው ቡድን ጋር እንደተጫወትን ግን እነግራታለሁ።

ከአበልጄ ጋር መታረቁ ቀላል ሆነ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ የንስሐ አባቴ መስቀል አሳለሙን፣ በአንድ ጠዋት አለቀ። ማኅበርተኞቼም ተሰልፈው ማረን አሉኝ፤ ማርኩ፣ ግማሹን ከልቤ፣ ግማሹን ለሚካኤል ብዬ። ሁሉም ጥል በአገራችን የሚፈታበት ወግ አለው፤ በዳይና ተበዳይ ይለያል፣ ካሣም ይባላል፣ ይቅርታም ይባላል። ከባለቤቴ ጋር ግን አንድ ቀን እንኳ ተጣልተን አናውቅም። ስላልተጣላን የሚያስታርቀን ሽማግሌ የለም።